ከፋሲካ በፊት የሚረግፍ አበባ

ያን ጊዜ ማለዳ ከጸሎቴ ስነሣ የመጀመሪያ ሥራዬ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ነበር። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አሥራ ሁለት መርፌ አዘጋጅቼ ከስፌት መኪናቸው አጠገብ በተንጠለጠለው ጨርቅ ላይ በተርታ እሰካለሁ፤ እሳቸው ቀኑን ሙሉ በጣታቸው እየዳሰሱ አንድ በአንድ ይነቅላሉ። በዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። አንድ ቀን ከክሩ ጋር ሲታገሉ አይቼ ከእጃቸው ወሰድኩት፤ ከዚያ ወዲህ የእኔ ሥራ ሆነ።

ሃምሳዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ከሚሴ ያኔ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶችና ከጀርባቸው ያሉት የሣር ቤቶች ነበረች። ሦስት ልጆች ነበሩን። በጥር ወር ደሴ ወጥተን ሐኪም ዓይናቸውን አየላቸው። ሕመሙ ከውስጥ ነው፣ መነጽር አያቃናውም አለ። ስንት ጊዜ እንደቀራቸው ባለቤቴ ራሳቸው ጠየቁት።

«እስከ ክረምት ያያሉ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልሰጥም» አለ።

ስንመለስ በጭነት መኪናው ላይ ሐርቡ ስንደርስ፣ «በልጉ ቢዘንብና ያንን ቆላ አንድ ጊዜ ባየው» አሉ።

የቱን ቆላ እንደሆነ አውቄያለሁ። ሳንጋባ በፊት፣ በጎረምሳነታቸው፣ ከባቲ በታች መንገድ ሲሠሩ ነበር። ድንጋይ ብቻ የሆነ አገር ነው ይሉ ነበር። አንድ ወይ ሁለት ዝናብ ይጥላል፤ በሳምንቱ ምድሩ ቢጫ ይለብሳል። ግንዱ እንደ እንስራ ያበጠ፣ ቅጠል የሌለው ዛፍ አለ፤ እሱ ቀይ ያብባል። ቢበዛ አሥር ቀን ነው የሚቆየው። ይህን ለልጆቹ ሲያወሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ለራሳቸው ግን አንድ ነገር ሲለምኑ የሰማኋቸው ያን ቀን ነው።

ችግሩ እንዲህ ነበር። ወደ ባቲ መኪና አለ፤ ከባቲም ወደ አሰብ የሚወርድ አይጠፋም። ከመንገዱ ወጥቶ ወደ ውስጥ መግባት ግን ያለ ወዳጅ አይሞከርም። ዝናቡ የት እንደጣለ የሚያውቀውም የአገሩ ሰው ነው። ባለቤቴ አንድ የአፋር ወዳጅ ነበራቸው። መንገድ ሲሠሩ ወባ ሲጥላቸው በግመል ጭኖ ባቲ ያደረሳቸው እሱ ነው። በኋላም ወደ ሰንበቴም ሆነ ወደ ከሚሴ ገበያ ሲወጣ እኛ ቤት ሳይገባ አያልፍም ነበር፤ እሳቸውም የሽርጡን ጠርዝ ይሰፉለታል። ከቀረ ግን ሁለት ዓመት ሆነው። ባለቤቴ፣ «ከብቶቹ ርቀው ሄደው ይሆናል» ይሉኝ ነበር።

ለምን እንደቀረ እኔ አውቅ ነበር።

ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሁዳዴ ጾም፣ ባለቤቴ ሰንበቴ ገበያ በሄዱበት ቀን መጣ። በጢስ የታጠነ የወተት ዕቃ ይዞ ነበር። «የግመል አይደለም፤ የላም ነው። እናንተ የግመል እንደማትጠጡ አውቃለሁ» አለኝ። ወተቱ እንዳይሞቅበት ሌሊቱን ሙሉ ተጉዞ ነው የመጣው። ጾም ነው ማለት አቃተኝ። በሁለት እጄ ተቀብዬ አመሰገንኩት፤ ደስ ብሎት ሄደ።

ጎረቤቴ ያን ሰሞን አራስ ነበረች። ጡቷ ደርቆባት ሕፃኑ ቀንም ሌትም ያለቅሳል። ወተቱን በአጥር ላይ አሳልፌ ሰጠኋት። ክፉ የሠራሁ አልመሰለኝም፤ እንዲያውም ምጽዋት ብዬ ነበር። ባሏ ግን ደግነቴን ሊያወራ ብሎ ባቲ ገበያ ላይ ተናገረው። የአፋር ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይነጋገራል፤ ዳጉ ይሉታል። የደገኛው ሚስት ወተቱን ለሌላ ሰጠች የሚለው ወሬ በዳጉ ሄዶ ከወዳጃችን ጆሮ ገባ። በእነሱ ዘንድ ወተት ፊት ለፊት ተቀብሎ ከኋላ ማሳለፍ ወዳጅነትን መመለስ ነው። ይህን ጎረቤቴ ነገረችኝ፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ። ዕቃው ሁለት ዓመት ሙሉ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ለባለቤቴ አልነገርኳቸውም።

የዚያ ዓመት በልግ ዘገየ። ጾሙ ተያዘ፤ ሰማዩ ንጹሕ ነው። ባለቤቴ በየማለዳው ደጃፍ ወጥተው ወደ ምሥራቅ ያያሉ። ምን ያህል እንደሚታያቸው አላውቅም። ልጆቹን ፀሐይ ላይ እያቆሙ ፊታቸውን አንድ በአንድ በቅርብ ይመለከቱ ጀመር። ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው ይስቃሉ፤ እኔ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ከደብረ ዘይት እሑድ በፊት የጎረቤቴ ባል ከባቲ ሲመለስ ወሬ አመጣ። ቆላው ሁለት ቀን ዘንቦበታል፤ ደረቁ ወንዝ ወርዷል። ባለቤቴ ያን ዕለት ማቀድ ጀመሩ። የትኛው ሹፌር ጋቢና እንደሚያስቀምጠን፣ ስንት ዳቦ እንደምንይዝ፣ ልጆቹ ማን ዘንድ እንደሚያድሩ ሁሉ ተናገሩ።

«ሰኞ ባቲ ለሚሄድ ሰው መልእክት እንስጥ። ወዳጄ ገበያ አይቀርም» አሉ።

«ከፋሲካ በኋላ ቢሆንስ?» አልኳቸው።

«አበባው ፋሲካን አይጠብቅም።»

«ጾም ነው። እነሱ ቤት የሚቀርበው ወተት ነው።»

ቀስ ብለው፣ «ይሁን። አንቺ እንዳልሽ» አሉ። ወደ ስፌት መኪናቸውም ዞሩ።

በማግሥቱ ለአንድ ነጋዴ እጀ ጠባብ ሲሰፉ ሁለት ግራ እጅጌ ገጠሙለት። ልብሱን ሰውዬው ሲለብሰው ነው የታወቀው። ቁጭ ብለው ስፌቱን በጣታቸው እየፈለጉ ይፈቱ ጀመር። እኔም ያን ጊዜ ራሴን ጠየቅሁ። የምጠብቀው ጾሜን ነው ወይስ ያንን ሰው ፊት ለፊት ላለማየት ነው? መልሱን ስለማውቀው ነጠላዬን አንሥቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።

ለነፍስ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ለታመመው ፈቅጃለሁ፤ ይጠጣ» አሉ። «ላንቺ አልፈቅድም። ሰውዬውን ግን በውሸት አመስግነሽዋል። ይህ የጾም ጉዳይ አይደለም። ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂው፤ ስትመለሺ ቀኖና እሰጥሻለሁ።»

«ወተቱን ካልጠጣሁ ባለቤቴን ባይወስዳቸውስ?»

«ያን ቀን እግዚአብሔር አፍ ይስጥሽ» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

ለጎረቤቴ ስነግራት ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«ጠጪዋ እኔ፣ ኀጢአተኛዋ አንቺ! ወላሂ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ። ያ አፉን የማይዘጋ ባሌ ልጆቹን ይጠብቅ፤ ለወሬ ሰው ያጣ እንደሆነ ለሕፃናቱ ያውራ።»

ለባለቤቴ ጨው ልገዛ ነው አልኳቸው። ዕቃውን ከግድግዳው አወረድኩት። ባዶ ዕቃ አይመለስምና ስኳር በወረቀት ጠቅልዬ ከተትኩበት፤ በነጠላዬም ሸፈንኩት። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ከነጋዴዎች ጋር ተጫንን። ኮምቦልቻ ወርደን ሌላ መኪና ያዝን። ጎረቤቴ መንገዱን ሁሉ በኦሮምኛ ትቀልዳለች፤ እኔ ዳዊት እደግማለሁ። አንዳንዴ ጠቅ አድርጋኝ፣ «ለኔም ጨምሪልኝ» ትለኛለች።

ባቲ ገበያ የግመሉ፣ የፍየሉና የሰው ድምፅ አንድ ላይ ነው። ከሦስት ሰዎች ጋር በዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ አገኘነው። አየኝ። ሰላምታዬን መለሰ፤ ግን አልተነሣም። ዓይኑ ነጠላዬ ሥር ያለው ዕቃ ላይ አረፈ።

«ተቀመጪ። ዳጉ ንገሪኝ» አለ።

ዳጉ ላይ የሚዋሽ ሰው ከዚያ በኋላ ሰው ተብሎ እንደማይቆጠር ጎረቤቴ መንገድ ላይ ነግራኛለች። ተቀመጥኩ።

«ስትወጪ ቤቱ እንዴት ነበር?»

«ሰላም።»

«ልጆች?»

«ደህና ናቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ዝናብ?»

«እኛ ዘንድ ካፊያ ብቻ።»

«ባልሽ?»

«ዓይናቸው እየጠፋ ነው። ከክረምት በኋላ አያዩም።»

ጥርሱን የሚፍቅበትን እንጨት ከአፉ አወጣ። «ይህን አልሰማሁም።»

«ለማንም አልተናገሩም።»

ከዚያ በዚያው ድምፅ፣ ስለ ዝናቡ በጠየቀበት ድምፅ፣ «ወተቴስ?» አለኝ።

ነገርኩት። ጾም እንደነበር፣ ማፈሬን፣ በአጥር ላይ ማሳለፌን።

«ጾም ነው ብትይኝ ምን አደርግሽ ነበር?»

«ሌሊቱን ሙሉ ተጉዘህ አመጣህልኝ። እምቢ ማለት ከበደኝ።»

«ስለዚህ በፊቴ አመሰገንሽ፣ በኋላዬ ሰጠሽ።»

«አዎ።»

«ለማን?»

«ለአራስ። ጡቷ ደርቆ ነበር።»

«ሕፃኑ?»

«ዳነ። ዛሬ በአጥሩ እየሾለከ ዶሮዎቼን ያባርራል።»

ጎረቤቴ ከኋላዬ፣ «አራሷ እኔ ነኝ። ወተቱም ጥሩ ነበር፤ አላህ ይስጥህ» አለች። ከተቀመጡት አንዱ ሳቀ። ወዳጃችን አልሳቀም።

«አራስና ሕፃን የሚል አልደረሰኝም» አለ። «ግማሽ ዳጉ ነው የደረሰኝ። የሰጠኝ ሰው ግማሹን በልቶታል።»

«ባሌ ነው» አለች ጎረቤቴ። «ሌላው ግማሽ ቤት አለ፤ እስከ ዛሬ ያወራዋል።»

ዕቃውን በሁለት እጄ አቀረብኩለት። ተቀበለኝ፤ ስኳሩን ግን አልከፈተውም። ስለ አበባው የነገርኩት ከዚያ በኋላ ነው። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

«ወጥቷል» አለ። «ሐሙስ ኑ። ካለፈ ነፋሱ ይወስደዋል። ቤቴ ስትገቢ ግን ወተት ይቀርባል። ጾምሽ እንዳልወጣ አውቃለሁ። በፊቴ ጠጪ፣ ወይም በፊቴ እምቢ በይ። ከኋላዬ ግን አይሆንም።»

«እምቢ ካልኩ ባለቤቴን ትወስዳቸዋለህ?»

«ሐሙስ ኑ» አለ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ጨው መያዜን እንኳ አልጠየቁም። ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጨርቁን እያጠፉ ሰሙኝ።

«አውቄዋለሁ» አሉ። «ያን ዓመት ሰንበቴ ገበያ ላይ ሰምቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ሳይነግሩኝ ቀሩ?»

«ምን ልበልሽ? ጾምሽን ብነካ አንቺን አስቀይማለሁ። ለእሱስ ሄጄ ምን እላለሁ? ሚስቴ ወተትህን ጠላች ልበል ወይስ ሚስቴ መናገር አትወድም?»

ሁለት ዓመት ሙሉ «ከብቶቹ ርቀው ይሆናል» ሲሉኝ ገበናዬን እየሸፈኑልኝ ነበር። አንድ መርፌ አንሥቼ ክር አስገባሁ።

ረቡዕ ልጆቹን ለጎረቤቴ ትተን ወጣን፤ ባቲ አደርን። ሐሙስ ንጋት ላይ ወደ አሰብ የሚወርድ መኪና ከከተማው በታች አራገፈን። ወዳጃችን ግመል ይዞ ቆሞ ነበር። ባለቤቴን አቅፎ ፊታቸውን በመዳፉ ያዘ፤ ዓይናቸውን በቅርብ አየ። ከዚያ በግመሉ ላይ አወጣቸው፤ እኔ በእግሬ ተከተልኩ። ምድሩ ጥቁር ድንጋይ ነው። አበባ አልነበረም። አንድ ጉብታ ስናልፍ አልነበረም፤ ሌላውን ስናልፍም አልነበረም። ባለቤቴ ከላይ ሆነው፣ «ይታይሻል?» ይሉኛል። «ገና ነው» እላለሁ። ነፋሱ እየበረታ ነበር።

ከሰሌን የተሠራው ቤቱ ደረስን። ሚስቱ ወተት አመጣች። መጀመሪያ ለባለቤቴ ሰጠቻቸው፤ ተፈቅዶላቸዋልና ጠጡ። ቀጥሎ ለእኔ ቀረበ። ዕቃው ያ ዕቃ ነበር፤ ግድግዳዬ ላይ ሁለት ዓመት የተሰቀለው።

በእጄ ያዝኩት። ወተቱ ገና ትኩስ ነበር። ከሚቀጥለው ጉብታ ወዲያ አበባው አለ ብሎናል። ይህን ሰው ባስቀይመው ባለቤቴ የመጡበትን ሳያዩ ሊመለሱ ነው፤ ሌላ በልግ ደግሞ የላቸውም። አንድ ጉንጭ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ሰው ማንም አያየኝም። ይህ ሐሳብ መጣብኝ፤ አልደብቅም።

«ወንድሜ» አልኩት። «ከእጅህ የወጣውን እወደዋለሁ። ግን ለፈጣሪዬ የገባሁት ቃል አለ፤ እስከ ፋሲካ ወተት አልቀምስም። እምቢ የምለው በፊትህ ነው። ቅር ካለህ በእኔ ይሁን፤ እሳቸውን ግን ውሰዳቸው።»

በሕይወቴ ያን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ የተናገርኩ አይመስለኝም። ሚስቱ ባሏን አየች። ባለቤቴ አንገታቸውን ደፍተዋል። እሱ ዕቃውን ከእጄ ወስዶ ተነሣ። ወደ ቤቱ ጥግ ሄደ። ሴት ልጁ ሕፃን ታቅፋ እዚያ ተቀምጣለች። ሰጣት።

ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይኸው፣ እኔም ለአራስ ሰጠሁ» አለ። ያን ጊዜ ጥርሱ ታየ። «ተነሡ፤ ነፋሱ እየመጣ ነው።»

ጉብታውን ስንወጣ ባለቤቴን እጃቸውን ይዤ ነበር። ባሻገር ያለው ሜዳ ሁሉ ቢጫ ነበር። እነዚያ ዛፎች በድንጋዩ መሐል ቆመዋል፤ ቅጠል የላቸውም፤ ጫፋቸው ላይ ብቻ ቀይ አለ። ባለቤቴ ቆሙ። እጄን አጥብቀው ያዙኝ።

«ቀዩ ይታየኛል። ቢጫው ግን ጭጋግ ሆኖብኛል። እስከ የት ነው?»

«እስከ ኮረብታው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያም ወዲያ አለ። እየሳሳ ይሄዳል።»

«ተናገሪ እንጂ።»

ተናገርኩ። የሚታየኝን ሁሉ፤ ፍየሎች ሲያልፉ አበባው ተኝቶ መልሶ እንደሚነሣም ጭምር። ከዛፎቹ ወደ አንዱ ወሰድኳቸው። ያበጠውን ግንድ ዳሰሱት። ከዚያ አንዱን ቅርንጫፍ ዝቅ አድርገው አበባውን ዓይናቸውን ሊነካ እስኪደርስ አስጠጉት፤ ክር ሲመረምሩ እንደሚያደርጉት።

«ጠርዙ ነው ቀይ» አሉ። «መሐሉ እየነጣ ይሄዳል። ያኔ ይህን አላየሁም። በጤነኛ ዓይኔ ከሩቅ አይቼው ነው ያለፍኩት።»

ወዳጃችን ትንሽ ራቅ ብሎ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሞ ነበር። ፀሐይ እስክትበረታ ድረስ አላስቸኮለንም። ቅዳሜ ነፋሱ ሜዳውን እንደጠረገው በኋላ ሰማን።

የባለቤቴ ብርሃን በነሐሴ ተዘጋ፤ ሐኪሙ እንዳለው። ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ኖሩ፤ ስፌቱንም በዳሰሳ አልተዉም። ወዳጃችን በዓመቱ መጣ። የመጣው ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ ነው፤ ቀኑን ባቲ ገበያ ላይ ስንት ሰው ጠይቆ እንዳገኘው እሱ ያውቃል። ወተት ይዞ ነበር። በፊቱ ጠጣሁ።

ያን ዓመት የነፍስ አባቴ የሰጡኝ ቀኖና ከሰንበት በቀር በየቀኑ አርባ ስግደት ነበር፤ እስከ ሕማማት። ከቆላ በተመለስን ሰኞ ጀመርኩ። ባለቤቴ ስፌት መኪናቸው ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ለማሳረፍ ጨፍነው፣ ጉልበቴ መሬት ሲነካ ይሰሙ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጨርሼ ልብሴን ሳራግፍ፣

«ዛሬ አንድ አጉድለሻል» አሉኝ።

«አርባ ነው፤ ቆጥሬያለሁ።»

«ሠላሳ ዘጠኝ ነው። እኔም ቆጥሬያለሁ።»

አንድ ጨመርኩ።